የአሮጌ መኪና «ኳ» ድምፅ፦ ከየት ነው ከማለት በፊት መቼ ነው ማለት

በሐዋሳ ከተማ ባህል አዳራሽ አካባቢ መንገድ ዳር ለቆመ ሰው፣ ከባጃጆች ጩኸት መካከል ጆሮን የሚስብ አንድ ድምፅ አለ። ዕድሜ የጠገበ መኪና ተሳፋሪ አውርዶ ሊነሣ ሲል ከሥሩ «ኳ!» ይላል፤ ነጂው ማርሽ በቀየረ ቁጥርም ይደግመዋል። አንድ ባልደረባችን እንዲህ ያለ መኪና አለው። ድምፁ ከኋላ ወንበር ሥር የሚመጣ ስለመሰለው በመጀመሪያ የኋላ አሞርዛተሮቹን፣ ቀጥሎም የባሌስትራውን ጎሚኒዎች አስቀየረ። ገንዘቡ ሄደ፤ ድምፁ ግን ባለበት ነበር። በመጨረሻ ጥፋቱ የተገኘው ከፊት፣ ከካምቢዮው መውጫ አጠገብ ካለው ክሮቸራ ላይ ነው።

ባልደረባችን የተሳሳተው ድምፁ «ከየት» እንደሚመጣ ብቻ በመጠየቁ ነው። በዚህ ጽሑፍ «መቼ» ብሎ መጠየቅ ለምን የተሻለ ውጤት እንደሚሰጥ በፊዚክስ መነጽር እንመለከታለን።

የኃይሉ ጉዞ

በኋላ ጎማቸው በሚነዱ መኪኖች፣ ለምሳሌ በላዳዎች፣ በቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስና በአሮጌዎቹ ሃይስ ሚኒባሶች፣ የሞተሩ ኃይል በፍሪሲዮንና በካምቢዮ አልፎ ወደ ረጅሙ የማስተላለፊያ ዘንግ ይገባል። ዘንጉ በዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለውን ፒኞን ያዞራል፤ ፒኞኑ ኮሮናውን፣ ኮሮናው ደግሞ ጎማዎቹን። ዘንጉ አራት ጊዜ ያህል ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል።

የኋላው አካል እንደ መንገዱ ከፍና ዝቅ ስለሚል ዘንጉ እየዞረ መታጠፍ መቻል አለበት። ይህን የሚያስችለው ክሮቸራ ነው። ቃሉ ከጣሊያንኛ የተወሰደ ሲሆን የዕቃውን መስቀለኛ ቅርፅ ያመለክታል። የአሠራሩ ሐሳብ ከጣሊያናዊው ጄሮላሞ ካርዳኖ (እ.ኤ.አ. 1501-1576) ስም ጋር ሲያያዝ፣ ባሕርዩን በ17ኛው መቶ ዘመን ያጠናው ደግሞ የስፕሪንግን ሕግ ያስተማረን ሮበርት ሁክ ነው።

ክፍተት ወደ ምት ሲለወጥ

ነዳጅ ስንረግጥ ሞተሩ ጎማውን ይነዳል፤ ስንለቅ ግን የሚንከባለለው ጎማ ሞተሩን ይነዳል። በዚህ ጊዜ የማርሽ ጥርሶች በአንድ ፊታቸው መገፋፋታቸውን ትተው በሌላው ፊታቸው ይገናኛሉ። በመካከላቸው ክፍተት ካለ ያንን ክፍተት ያለ ጭነት፣ እየፈጠኑ ያቋርጡና ይጋጫሉ። «ኳ» የምንለው ይህን ግጭት ነው።

መጠኑን እናስላ። ሥራ ማለት ቶርክ በተዞረው ማዕዘን ሲባዛ ነው። ሞተሩ 50 ኒውተን ሜትር ቢሰጥና የአንደኛ ማርሽ ምጥጥን 3.5 ቢሆን፣ በዘንጉ ላይ 175 ኒውተን ሜትር ይገኛል። በዘንጉ መስመር ላይ ያለው ክፍተት 10 ዲግሪ፣ ማለትም 0.175 ራዲያን ቢሆን፣ እስከ ግጭቱ ድረስ የሚጠራቀመው ጉልበት 30 ጁል ገደማ ይሆናል። ይህ 3 ኪሎ ግራም የሚመዝን መዶሻ ከ1 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ከሚኖረው ጉልበት ጋር እኩል ነው። ክፍተቱ 1 ዲግሪ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምቱ 3 ጁል ብቻ በሆነ ነበር።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ምቱ ክፍተቱን ያሰፋል፤ የሰፋው ክፍተት ደግሞ የሚቀጥለውን ምት ያበረታዋል። ሁለተኛ፣ ፍሪሲዮኑን በለሆሳስ የሚለቅ ነጂ ቶርኩን ስለሚቀንስ ድምፁን ያለዝበዋል። ይሁን እንጂ ጥሩ አነዳድ ጉዳቱን ይሸፍናል እንጂ አይፈውሰውም።

ክፍተት ሁሉ ግን ብልሽት አይደለም። በፒኞንና በኮሮና ጥርሶች መካከል ለዘይትና በሙቀት ለሚመጣው መስፋፋት ሲባል ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ክፍተት ሆን ተብሎ ይተዋል።

ጆሯችን ለምን ይታለላል?

ድምፅ በብረት ውስጥ በሴኮንድ 5,000 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በአየር ውስጥ ግን 340 ሜትር ገደማ ነው። 1.5 ሜትር ርዝመት ባለው ዘንግ አንድ ጫፍ ላይ የተፈጠረ ምት ሌላኛው ጫፍ ላይ የሚደርሰው ከሴኮንድ ሦስት አሥር ሺሕኛ በሚሆን ጊዜ ነው። ዘንጉ ክፍት ቱቦ ስለሆነ እንደ ደወል ያስተጋባል፤ የመኪናው ወለልም እንደ ከበሮ ቆዳ ይርገበገባል። ስለዚህ ጎልቶ የሚጮኸው ክፍል የተመታው ክፍል ላይሆን ይችላል። የድምፁ ጊዜ ግን ከእንቅስቃሴው ጋር የተሳሰረ ስለሆነ እንዲህ በቀላሉ አያታልልም።

አራቱ የ«መቼ» ፈተናዎች

1. ማርሹን ዜሮ አድርገን መኪናውን በጎርበጥባጣ መንገድ ላይ በዝግታ እናንከባልለው። ድምፁ ከተሰማ ከሞተሩ ቶርክ ጋር ግንኙነት የለውም፤ አሞርዛተርን፣ ባሌስትራንና ጎሚኒዎችን እንጠርጥር። ባልደረባችን ይህን ፈተና ቢያደርግ ኖሮ መኪናው ዝም ስለሚል ወጪውን ባተረፈ ነበር።

2. በለስላሳ መንገድ፣ በ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ነዳጁን ረገጥ ለቀቅ እናድርግ። በየለውጡ አንድ «ኳ» ከተሰማ፣ ችግሩ ከሞተር እስከ ጎማ ባለው የኃይል መስመር ውስጥ ያለ ክፍተት ወይም የላላ የሞተር ጎሚኒ ነው።

3. ድምፁ ተደጋጋሚ ከሆነ እንቁጠረው። የጎማው ዙሪያ 2 ሜትር ያህል ቢሆን፣ በ7.2 ኪሎ ሜትር በሰዓት (2 ሜትር በሴኮንድ) ጎማው በሴኮንድ አንድ ጊዜ፣ ዘንጉ ደግሞ አራት ጊዜ ይዞራል። በሴኮንድ አንድ ምት ወደ ጎማው፣ አራት ምት ወደ ዘንጉ ይጠቁመናል። ግራሶ ያለቀበት ክሮቸራ ከመንኳኳቱ በፊት በዚሁ ምት እንደ ወፍ ሲጮህ ይሰማል።

4. ፍጥነቱን ሳንቀይር ማርሽ እንቀይር። ድግግሞሹ ከሞተሩ ዙር ጋር ከተለወጠ ወደ ሞተሩና ወደ ካምቢዮው፣ ካልተለወጠ ከካምቢዮ መውጫ ወዲያ ወዳለው ክፍል እንመልከት።

በፊት ጎማቸው በሚነዱ መኪኖች ረጅሙ ዘንግ የለም። በእነዚህ መኪኖች መሪውን አጥፎ ነዳጅ ሲሰጥ የሚሰማ ተከታታይ «ቀጭ ቀጭ» አብዛኛውን ጊዜ ከጎማው አጠገብ ያለው መታጠፊያ መበላቱን ያመለክታል።

በእጅ ማረጋገጥ

የጊዜው ምስክርነት ተጠርጣሪዎቹን ከቀነሰልን በኋላ እጃችን ይፈርዳል። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመን፣ ሞተሩን አጥፍተን፣ ጎማዎቹን በሁለቱም በኩል በታኮ እንያዝ። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ፈጽሞ መግባት የለብንም። ከክሮቸራው ግራና ቀኝ ያሉትን ሹካዎች ይዘን በተቃራኒ አቅጣጫ እንጠምዝዝ። በሹካውና በመስቀሉ መካከል የሚታይ ወይም የሚሰማ እንቅስቃሴ ካለ ክሮቸራው አልቋል። በቆቦቹ ዙሪያ የሚገኝ ቀይ የዝገት ዱቄትም በውስጡ ያሉት መርፌ መሰል ኩሽኔታዎች መድረቃቸውን ይመሰክራል።

ዘንጉ ከመፈታቱ በፊት መገጣጠሚያዎቹ ሁሉ በቀለም ምልክት ይደረግባቸው። በ10 ዲግሪ የታጠፈ አንድ ክሮቸራ ወጥ የሆነውን ዙር በአንድ ዑደት ሁለት ጊዜ በ1.5 በመቶ ያህል ያፈጥነዋል፣ ሁለት ጊዜም ያዘገየዋል። የኋላው ክሮቸራ ይህን መዋዠቅ የሚያስተካክለው የዘንጉ ሁለት ጫፍ ሹካዎች በአንድ ጠለል ላይ ሲሆኑ ብቻ ነው። ሁለት ክፍል ያለው ዘንግ ተሳስቶ ከተገጠመ አዲሱ ክሮቸራ ራሱ መንቀጥቀጥን ያመጣል።

ይህን «ኳ» ለምዶ መኖር አደገኛ ነው። የፊተኛው ክሮቸራ በጉዞ ላይ ቢሰበር የዘንጉ ጫፍ ወድቆ መንገዱን ይመታል፤ መኪናውን ሊያነሣው፣ የፍሬን ቧንቧም ሊቆርጥ ይችላል። ዘንጉ የተለያየ መኪናም በማርሽ ተይዞ አይቆምም።

ለአንባቢ የተተወ ጥያቄ

የአንድ መኪና የጎማ ዙሪያ 1.8 ሜትር፣ የዲፈረንሻሉ ምጥጥን 4.1 ነው። መኪናው በ6.48 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲጓዝ በ10 ሴኮንድ ውስጥ 41 ምት ቆጠርን። ተጠርጣሪው የትኛው ክፍል ነው? በዘንጉ ላይ ያለው ቶርክ 200 ኒውተን ሜትር፣ ክፍተቱም 6 ዲግሪ ቢሆን የእያንዳንዱ የማርሽ ለውጥ ምት ስንት ጁል ይሆናል? መልሱን ካገኛችሁ በኋላ መንገድ ዳር ቆማችሁ አዳምጡ፤ መልመጃው በየደቂቃው በፊታችሁ ያልፋል።