የእድር ጥሩምባና የእጅ ስልክ

በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ ልጽፍ ያሰብሁት በእጅ ስልካችን ላይ ስለምንጭናቸው የመልእክት መተግበሪያዎች ነው። ምናልባት አንዳንዱ ተማሪ «ይህንማ የማያውቅ ማን አለ?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ አጠቃቀሙን ሁላችንም እናውቃለን። ዳሩ ግን በየቀኑ የምንገለገልበት ነገር እንዴት እንደሚሠራና በማን እጅ እንዳለ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። እኔም ብሆን እንድጠይቅ ያስገደደኝ በደረጃችን ላይ የሆነ አንድ ነገር ነው።

የምኖረው በአቃቂ ቃሊቲ፣ በገላን ኮንዶሚኒየም ነው። የብሎካችን ሰዎች ከልዩ ልዩ ሰፈር በዕጣ የመጣን ስለ ሆነ፣ ጠዋት ወጥተን ማታ የምንገባም ስለምንበዛ፣ የምንነጋገረው በአብዛኛው በስልክ ነው። ውሃ ሲመጣ፣ መብራት ሲጠፋ፣ የጥበቃ መዋጮ ሲደርስ ማስታወቂያው የሚወጣው በብሎኩ የመልእክት ቡድን ነው። ከጊዜ በኋላ ግን ይህ ቡድን ሁለት ሆነ። ማንም ከማንም ጋራ ተጣልቶ አይደለም። አንዱ «ውጭ አገር ያሉት ዘመዶቼ የሚገኙት በዚህኛው ነው» ብሎ አንዱን መተግበሪያ መረጠ፤ ሌላውም «ይኸኛው ይቀለኛል» ብሎ ወደ ሌላው ሄደ። እናቴ ደግሞ የያዘችው ባለ ቁልፍ ስልክ ስለ ሆነ ከሁለቱም የለችበትም።

ባለፈው ጥር ወር ሦስተኛ ፎቅ ይኖሩ የነበሩ አንዲት እናት በሆስፒታል ሳሉ በሌሊት ዐረፉ። ለቅሶው የተቀመጠው በሌላ ሰፈር፣ በታላቅ ልጃቸው ቤት ስለ ነበረ በደረጃችን ላይ ምንም ድምፅ አልተሰማም። የእድራችን ጸሐፊም በዚያው ሌሊት ሳይታክቱ ማስታወቂያውን ጻፉ፤ ነገር ግን የጻፉት እርሳቸው ባሉበት ቡድን ብቻ ነበር። የእኔ ስልክ ያለው በሌላው ነው። በማለዳ እናቴ ዳቦ ልትገዛ ስትወርድ፣ ልብስ ልትወስድ ብቅ ያለችውን የሟቿን ልጅ ደረጃው ላይ አገኘቻትና ፈገግ ብላ «እንዴት አደርሽ ልጄ? እማማ ተሻላቸው ወይ?» አለቻት። ልጅቱ መልስ መስጠት አቅቷት ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። እናቴ እስከ ዛሬ ይህን ባነሣች ቁጥር «ጥሩምባ ቢነፋ ኖሮ እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አይወጣም ነበር» እያለች ታዝናለች።

እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ስጠይቅ ቆየሁ። ቁጥሩ በ09 የሚጀምር የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ቁጥሩ በ07 ወደሚጀምር የሳፋሪኮም ደንበኛ ሲደውል ያለ አንዳች ችግር ይነጋገራሉ። ሁለቱ ኩባንያዎች ተወዳዳሪዎች ናቸው፤ ሆኖም መስመራቸው የተገናኘ ነው። ታዲያ አንዱ መተግበሪያ ለሌላው መተግበሪያ መልእክት ማቀበል ስለ ምን አይችልም?

ይህን ለመረዳት ከሁሉ አስቀድሞ ሰርቨር የሚባለውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ሰርቨር ማለት ከሌሎች ኮምፒዩተሮችና ስልኮች የሚላከውን የሚቀበል፣ የሚያስቀምጥና ለባለቤቱ የሚያደርስ ኮምፒዩተር ነው። እኔ ከመሬት ቤት ሆኜ አራተኛ ፎቅ ላለው ጓደኛዬ ስጽፍ መልእክቴ በደረጃ አይወጣም። ባሕር ተሻግሮ ወደ ኩባንያው ሰርቨር ይሄድና ከዚያ ተመልሶ ወደ ጓደኛዬ ይደርሳል። ሁሉም መልእክት በአንድ ባለቤት ሰርቨሮች የሚያልፍ ሲሆን አሠራሩ የተማከለ ይባላል። ባለቤቱ በሩን ለሌላ ካልከፈተ ከውጭ ያለው አይገባም፤ ከውስጥ ያለውም በባለቤቱ ደንብ ያድራል።

ሁለተኛው አሠራር ያልተማከለ ይባላል። ለዚህ የቆየ ምሳሌ የሚሆነን ፖስታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 በስዊዘርላንድ በበርን ከተማ አገሮች ተሰብስበው በዓለም የፖስታ ኅብረት ተስማሙ። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ1908 አባል ሆነች። ከዚያ በፊት ወደ አውሮፓ ለሚላክ ደብዳቤ የኢትዮጵያ ቴምብር ብቻውን አይበቃም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ አገር የራሱን ፖስታ ቤት እንደ ያዘ የአንዱ ደብዳቤ በሌላው እጅ ይደርስ ጀመር። ኢሜይልም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሬይ ቶምሊንሰን የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው በመረብ መልእክት ከላከ ወዲህ፣ የኢሜይል አገልግሎት የሚሰጡት ኩባንያዎች ቢለያዩም ደብዳቤው አይለያይም።

ማኅበራዊ መገናኛንም በዚህ መንገድ ለመሥራት የሚደክሙ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ኦይገን ሮሽኮ የተባለ በጀርመን አገር የሚኖር ወጣት ማስቶዶን የሚባለውን አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ አክቲቪቲፐብ የሚባለው የጋራ የመነጋገሪያ ደንብ በዓለም አቀፉ የድር ደንብ አውጪ ማኅበር ጸደቀ። ማስቶዶን አንድ ቤት አይደለም፤ እያንዳንዳቸው ባለቤትና ደንብ ያላቸው የብዙ ሰርቨሮች ኅብረት ነው። የሰው አድራሻም በስሙና በሰርቨሩ ይጻፋል፤ እንደ ቤት ቁጥርና እንደ ብሎክ ቁጥር ማለት ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። እድራችንን እንመልከት። እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ እድር፣ የራሱ ዳኛ፣ የራሱ ደንብና የራሱ ድንኳን አለው። ከሁሉም በላይ የተቀመጠ አንድ የእድር ጌታ ግን የለም። አንዱ እድር ቢፈርስ ሌላው አይፈርስም።

የተማከለው አሠራር አደጋ ምን እንደ ሆነ ዓለም በግልጽ ያየው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ነው። በዚያን ጊዜ ኢሎን ማስክ ትዊተርን በ44 ቢሊዮን ዶላር ገዛና ደንቡን ለወጠ፤ ብዙ ሰዎችም ወደ ማስቶዶን ሄዱ። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ እንደ ዋትስአፕ ያሉ ታላላቅ የመልእክት አገልግሎቶች ለሌሎች በራቸውን እንዲከፍቱ ግዴታ ጥሎባቸዋል። ከዚህ የምንረዳው መተግበሪያዎች የማይነጋገሩት ጥበቡ ስለማይፈቅድ ሳይሆን ባለቤቶቹ ስላልፈለጉ መሆኑን ነው።

የሆነ ሆኖ ያልተማከለውን አሠራር ያለ ልክ ማመስገን አልፈልግም። አንደኛ፣ ሰው የሚሄደው ሰው ወዳለበት ነው፤ እኔ ብቻዬን ማስቶዶን ብገባ ለጎረቤቶቼ ምን ይጠቅማቸዋል? ሁለተኛ፣ ሰርቨር ገንዘብና ድካም ይፈልጋል፤ ትንሹ ሰርቨር ባለቤቱ ሲሰለቸው ይዘጋል። በማስቶዶን ሰው ወደ ሌላ ሰርቨር ሲዛወር ተከታዮቹን ይዞ መሄድ ቢችልም የቀድሞ ጽሑፉ አይከተለውም። ሦስተኛ፣ ሁሉም በኢንተርኔት ላይ የቆመ ነው። ከየካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለወራት ተገድበው ሳለ ሌላው መስመር ይሠራ ነበር። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። መንገዱ ራሱ ሲዘጋ የተማከለም ያልተማከለም እኩል ይቀራል።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። አዲስ መተግበሪያ ሁሉን ያድናል ብለን አንጠብቅ፤ ይልቁንም ማስታወቂያችን በአንድ በር ብቻ እንዳያልፍ እናድርግ። የሟቿ አርባ ከወጣ በኋላ እድራችን ተሰብስቦ የወሰነውም ይህንኑ ነው። የሞት ማስታወቂያ በሁለቱም ቡድን ይጻፋል፤ የሁሉም ስልክ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ በጸሐፊው ቤት ይቀመጣል፤ በየፎቁም በር እያንኳኳ የሚናገር አንድ ወጣት ተመድቧል። አንድ ሽማግሌ «ጥሩምባውስ?» ብለው ሲጠይቁ አንዳንዶች ሳቁ። እናቴ ግን አልሳቀችም። የሦስተኛ ፎቅ በሮችን እንዳንኳኳ የተመደብሁት እኔ ነኝ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ድሩ የሚያብረው ግን ክሮቹ ሲነካኩ ነው። ስለዚህ አዲስ መተግበሪያ በስልካችሁ ላይ ስትጭኑ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ይህ ነገር ከሌላው ጋራ ይነጋገራልን? ነገ ቢዘጋ በእጄ የሚቀረው ምንድን ነው? እኔ ስገባ ከደጅ የሚቀረውስ ማን ነው? ሦስተኛውን ጥያቄ እኔ አስቀድሜ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ፣ እናቴ ያን ማለዳ ከደረጃው የምትወርደው ነጠላዋን ዘቅዝቃ ነበር።