ስለ ጆሮ መደፈንና ስለ ራስ ማዞር፤ ከሳንቃ በር ዳገት እስከ እንቅልፍ መተንፈሻው መሣሪያ

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት አድርጎ ወደ ደባርቅ፣ ከደባርቅም ወደ ሳንቃ በር የሚወጣ መንገደኛ ጆሮው ሲደፈንና ሲከፈት ሳይሰማው አይቀርም። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል፣ ሳንቃ በር ደግሞ 3,250 ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ በሊማሊሞ የሚወርደው ሰው ግን ከዚህ የባሰ ያያል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በገደሉ ላይ ባወጡት ጠመዝማዛ መንገድ ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወርድ ጆሮው ጭው ይላል፤ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው የሚናገረው ከሩቅ ይመስለዋል፤ ጉንፋን ከያዘውማ ሕመሙ እስከ መንጋጋው ይደርሳል። ቆሎ የያዘ ይቆረጥማል፣ ያልያዘ ምራቁን ይውጣል፤ ጥቂት ቆይቶም ጆሮው ጧ ብሎ ይከፈታል።

ይህን የመንገድ ነገር ለማንሣት ያሰብነው ያለ ምክንያት አይደለም። በእንቅልፋቸው ትንፋሽ እየተቋረጠባቸው ሌሊቱን ሙሉ የሚያንኮራፉ፣ ቀን ደግሞ ወንበር ላይ የሚያንቀላፉ አባቶችና እናቶች ከብዙዎቻችን ቤት አይጠፉም። ከእነዚህ መካከል ዕድል ያገኙት፣ በተለይም በውጭ አገር የሚኖሩት ዘመዶቻችን፣ ሐኪም ሲፓፕ የሚባለውን የመተንፈሻ መሣሪያ ያዝላቸዋል። ነገር ግን ጥቂት ሌሊት ተጠቅመው «ጆሮዬን ደፈነኝ፣ ራሴን አዞረኝ» ብለው ወደ ሣጥኑ የሚመልሱት አሉ። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች እንጂ ሐኪሞች አይደለንም፤ ቢሆንም የነገሩ ሥር ሊማሊሞ ላይ ከሚሰማን ጋር አንድ መሆኑን ማስረዳት አያቅተንም።

ከጆሮ ታምቡር በስተጀርባ አየር የሞላበት ትንሽ ክፍል አለ። ይህም ክፍል ከአፍንጫ ጀርባ ከጉሮሮ ጋር የሚገናኝበት ቀጭን ቧንቧ አለው፤ በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት በኖረው በጣሊያናዊው ሊቅ በኡስታኪ ስም ይጠራል። ቧንቧው ዘወትር ዝግ ነው፤ የሚከፈተው ስንውጥና ስናዛጋ ነው። ዳገት ስንወጣ የውጭው አየር ስለሚሳሳ በውስጥ ያለው አየር ታምቡሩን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ በቧንቧውም በኩል በቀላሉ ይወጣል። ቁልቁል ስንወርድ ግን የውጭው አየር ይበረታና ታምቡሩን ወደ ውስጥ ይጫነዋል፤ የቧንቧውም አፍ ይጣበቃል። መውረድ ከመውጣት ይልቅ ጆሮን የሚያሠቃየው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1981 በሲድኒ ከተማ ኮሊን ሰሊቫን የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ለዓለም ያስታወቀው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የተኛው ሰው ጉሮሮ እየላላ እንዳይዘጋ በአፍንጫ በኩል በተከታታይ አየር ይነፋበታል። የሚነፋው ኃይል የሚለካው በውሃ ከፍታ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። አሥር ሳንቲ ሜትር የታዘዘለትን ሰው እንውሰድ። በደባርቅ ከፍታ ላይ ይህ ኃይል ከመቶ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ዳገት ከመውጣት ጋር ይተካከላል፤ የሊማሊሞው አንድ ሺሕ ሜትር ግን መቶ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ መሣሪያው ለጆሮ የሚያደርሰው ጫና ከመኪናው ጉዞ አንድ አሥረኛ ያህል መሆኑ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ ለምን ያውካል? መኪናው ከወረደ በኋላ ነገሩ ያበቃል፤ መሣሪያው ግን ሌሊቱን ሙሉ ይነፋል። አየሩ ከጉሮሮ ተነሥቶ በቧንቧው ሽቅብ እየገባ ታምቡሩን ወደ ውጭ ይወጥረዋል፤ የተኛ ሰው ደግሞ ምራቁን የሚውጠው አልፎ አልፎ ብቻ ስለሆነ የገባው አየር ቶሎ አይወጣም። በዚህ ላይ ደረቅና ቀዝቃዛ አየር የአፍንጫን ውስጥ ያሳብጣል፤ ያበጠውም ሥጋ የቧንቧውን አፍ ያጠብባል። የሰሜንን የሌሊት ብርድ የሚያውቅ ይህን አይጠራጠርም።

የራስ ማዞሩ ነገር ጥቂት የተወሳሰበ ነው። የሰውነታችንን ሚዛን የሚጠብቁት ፈሳሽ የያዙ ሦስት ቀለበት መሰል ቱቦዎች በእያንዳንዱ ውስጠኛ ጆሮ ይገኛሉ። አንዱ ጆሮ ተከፍቶ ሌላው ተደፍኖ ሲቀር የሁለቱ ጫና ስለሚለያይ ለአንጎል የሚደርሰው ወሬ አይስማማም፤ ሰውዬውም ቤቱ የዞረ ይመስለዋል። ሁለተኛው፣ መሣሪያውን እየፈራ በጥድፊያ የሚተነፍስ ሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከመጠን በላይ ስለሚያስወጣ ራሱ ይቀልለዋል፣ ከንፈሩንና ጣቱን ይነዝረዋል። ሌላም አለ፤ በአልጋ ላይ ሲገላበጡ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚያዞር ከሆነ፣ ምናልባት በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ደቃቅ ጠጠሮች ከቦታቸው ስተው ይሆናል። ይህ የመሣሪያው ጥፋት አይደለም፤ ሐኪም ራስን በሥርዓት እያዘነበለ ብዙውን ጊዜ ያድነዋል። ሰዎች ግን ሁሉንም በመሣሪያው ላይ ያላክካሉ።

የሚደረገውም ይህ ነው። አፍንጫ ከመኝታ በፊት በንጹሕ የጨው ውሃ ይታጠባል፤ ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። መሣሪያው አየሩን የሚያሞቅና የሚያረጥብ ክፍል ካለው ይከፈታል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች በዝቅተኛ ኃይል ጀምረው ቀስ በቀስ የሚጨምሩበት ማስተካከያ አላቸው፤ እሱም ይጠቅማል። ኃይሉን መቀነስ ያለበት ግን ያዘዘው ሐኪም ነው፤ በገዛ እጅ ቢቀንሱት ጉሮሮው ተመልሶ ሊዘጋ ይችላል። ብርቱ ጉንፋን ሲይዝ አንድ ሁለት ሌሊት ማቆም ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን አስቀድሞ መጠየቅ ደግ ነው። በጆሮ ውስጥ የሞቀ ቅቤ ወይም ዘይት ማንጠብጠብ ግን ለዚህ አይረዳም፤ ጫናው ያለው ከታምቡሩ በስተኋላ ነውና ቅቤው አይደርስበትም። ታምቡሩ የተቀደደ እንደሆነማ ይጎዳል።

በድንገት መስማት ያቃተው፣ ከጆሮው መግል ወይም ደም የሚወጣ፣ ወይም ማዞሩ ከፊት መጣመም፣ ከአንደበት መተሳሰር ወይም ከእጅና ከእግር መዛል ጋር የመጣበት ሰው ቀን ሳይቆጥር ሐኪም ቤት ይሂድ።

አሁን ደግሞ መሣሪያውን ይዞ ሳንቃ በር ለማደር የሚመጣውን ዘመድ እናስብ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው የሲንቲያ ቢልና የባልደረቦቿ ጥናት በሰሜን ተራሮች ፓርክ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሮ፣ የደማቸው ኦክስጅን በአማካይ 95.3 በመቶ መሆኑን አግኝቷል፤ ይህም በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ነው። እንግዳው ግን ይህ ጸጋ የለውም። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ትንፋሹ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ያቆማል፤ የሚቆመውም ጉሮሮው ስለተዘጋ ሳይሆን አንጎሉ ትእዛዝ ስላላስተላለፈ ነው። መሣሪያው የተዘጋውን ጉሮሮ ይከፍታል እንጂ ይህን ብቻውን አይፈውስም። ከፍታም ራሱ ራስ ያዞራል፤ የራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተከተለው ጥፋቱ የጆሮ ላይሆን ይችላል፤ ከባሰም ወደ ታች መውረድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የስዊስ ጥናት፣ እንዲህ ያሉ ሕሙማን ተራራ ላይ ሲያድሩ አሴታዞላማይድ የተባለው መድኃኒት ከመሣሪያው ጋር ሲሰጣቸው መሣሪያውን ብቻውን ከመጠቀም እንደሚሻል አሳይቷል፤ መድኃኒቱም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም።

አንድ የቀረ ነገር አለ። የታወቁ መሣሪያዎች መመሪያ ሲነበብ የሚሠሩበት የከፍታ ወሰን ከ2,300 እስከ 2,600 ሜትር ገደማ ሆኖ ይገኛል። ደባርቅም ሳንቃ በርም ከዚህ በላይ ናቸው፤ አዲስ አበባ ራሷ በወሰኑ ላይ ናት። ከወሰኑ በላይ መሣሪያው የሚነፋው ኃይል የታዘዘው መሆን አለመሆኑ ዋስትና የለውም። ስለዚህ ዘመዳችን ከመነሣቱ በፊት መመሪያውን ገልጦ የከፍታውን ቁጥር ይይ፤ ከዚያም ያዘዘለትን ሐኪም ስለ ደባርቅና ስለ ሳንቃ በር ከፍታ ይጠይቅ፤ መብራት በሌለበት የሚያድርም ከሆነ ለመሣሪያው የሚስማማ ባትሪ ይያዝ።