ታሪፍና የተሳፋሪው ምርጫ

ሰው አውቶቡስ ትቶ ባቡር፣ ባቡር ትቶ አውቶቡስ የሚመርጠው በምን ምክንያት ነው? «የረከሰውን ነዋ!» ብሎ መመለስ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ርካሽ የሚባለው የቱ እንደሆነ በሒሳብ ካልመረመርነው መልሱ ጎደሎ ይሆናል። ጎንደራችን የከተማ ባቡር ስለሌላት ምሳሌያችንን ከአዲስ አበባ እንወስዳለን።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የመጀመሪያው መስመር ሥራ የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ፣ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄዱት ሁለቱ መስመሮች በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማሉ። ሲጀመር ዋጋው እንደየርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሕዝቡን ሲያመላልስ የኖረው አንበሳ አውቶቡስ ደግሞ የራሱ ትኬት ነበረው። እንግዲህ ከአንዱ ወርዶ በሌላው የሚሳፈር ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል ማለት ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። (ቁጥሮቹ ለትምህርት የመረጥናቸው ናቸው እንጂ የታወጀ ታሪፍ አይደሉም።) አውቶቡሱ ከቤት እስከ ሥራ 5 ብር ያስከፍላል፤ ጥበቃውን ጨምሮ 70 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ባቡሩ 6 ብር ነው፤ ጣቢያው ለመድረስ ግን በሚኒባስ ሌላ 5 ብር ይወጣል፤ ጉዞው በጠቅላላው 40 ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ የሚወዳደሩት 5 እና 6 ሳይሆኑ 5 እና 11 ናቸው። ተሳፋሪው 30 ደቂቃ ለማትረፍ 6 ብር ይጨምራል፤ ይኸውም በሰዓት 12 ብር መሆኑ ነው። የአንድ ሰዓት ድካሙ ከ12 ብር በላይ የሚያወጣለት ባቡሩን ቢመርጥ ያዋጣዋል፤ ከዚያ በታች የሆነው አውቶቡሱን ይጠብቃል።

ሁለተኛ፣ በአንድ ትኬት መዛወር ተፈቅዶ የሚኒባሱ 5 ብር ወደ 2 ቢወርድስ? ልዩነቱ 3 ብር፣ በሰዓትም 6 ብር ብቻ ይሆናል። የባቡሩ ዋጋ ሳይነካ ብዙ ሰው ወደ ባቡሩ ይዞራል።

ሦስተኛ፣ መለዋወጫ ጠፍቶ ባቡሮች ቢቆሙና ጥበቃው በ20 ደቂቃ ቢረዝምስ? የሚተርፈው 10 ደቂቃ ብቻ ስለሚሆን የሰዓቱ ዋጋ 36 ብር ይገባል። ትኬቱ ሳይጨምር ባቡሩ ተወደደ ማለት ነው። ይህ የወረቀት ስጋት ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባ ካስመጣቻቸው 41 ባቡሮች አብዛኞቹ በ2015 ዓ.ም. ቆመው ነበር። እጅግ የወረደ ታሪፍ ድጎማ ካልታከለበት ጥገናውን አይችልም፤ ከፍ ሲል ደግሞ ድሃውን ያባርራል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የውጭው ዓለም ልምድም ይህንኑ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1981 የለንደን ምክር ቤት የአውቶቡስና የምድር ውስጥ ባቡር ዋጋን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀነሰና ተሳፋሪው በዛ። ፍርድ ቤት ሕጋዊ አይደለም ብሎ ስለሻረው በ1982 ዋጋው እጥፍ ገደማ ሆነ፤ ተሳፋሪውም ሸሸ። በ1983 ለሁለቱም የሚያገለግል አንድ ትኬት ሲመጣ ሰው ተመልሶ ጎረፈ።

ይሁንና ስሌታችን የማያየው አንድ ሰው አለ፤ እሱም ጠዋት ኪሱን ዳብሶ 5 ብር ያጣው ነው። የእሱ ምርጫ በአውቶቡስና በባቡር መካከል ሳይሆን በእግርና በመቅረት መካከል ነው። ነገ በምናስተምርበት ክፍል ዘግይቶ የሚገባው ልጅ ሰነፍ ነው ከማለታችን በፊት ይህን እናስብ።

ለመልመጃ ያህል፦ ከአዘዞ ፒያሳ በሚኒባስ መጥቶ ከዚያ በባጃጅ ወደ ሰፈሩ የሚገባ ሰው ስንት ብርና ስንት ደቂቃ ያወጣል? እጩ መምህራን በየቡድናችሁ ተሳፋሪ ጠይቃችሁ መዝግቡ፤ ከላይ ባየነው መንገድም አስሉ። ስለ ክፍልፋይና ስለ ንጽጽር ስታስተምሩ ከመጽሐፉ ምሳሌ ይልቅ ተማሪው ኪስ ውስጥ ያለው ሳንቲም ቶሎ ይገባዋል።