ፖፖ ያልለመደ ልጅ የት ይዋል?

ጥያቄ፦ መካነ ሰላም የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ነኝ። የሁለት ዓመት ልጄን የሕፃናት መዋያዎች «ሽንቱን መናገር ሳይችል አንቀበልም» አሉኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽ አልዘገየም፤ ብዙ ልጆች ለፖፖ የሚዘጋጁት ከ18 ወር እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። መጀመሪያ መሥሪያ ቤትሽን ጠይቂ። የቀድሞው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ያዝ ነበር፤ አሁን የሚሠራበት ሕግ ምን እንደሚል አጣሪ። ጥያቄውን ልጅ ካላቸው ባልደረቦችሽ ጋር በጽሑፍ አቅርቡ፤ እስኪከፈት አንዲት ሞግዚት በጋራ ቅጠሩ።

ለሞግዚቷ ቅያሪ ሱሪዎች፣ ካልሲና ሳሙና አስቀምጪላት። በደጋው ብርድ እርጥብ ልብስ ቶሎ ይቀየር፤ ገላውም በደንብ ይድረቅ። ሁለት ሰዓት ያህል ሳያረጥብ ከቆየ፣ ከምግብ በኋላ ፖፖ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ታስቀምጠው። ቢያመልጠው ግን ቁጣም ዱላም አይገባም፤ ፈርቶ ሽንቱን መያዝ ሊጀምር ይችላል። በዚህ ሁሉ ሞግዚቷን ከመቅጠራችሁ በፊት ከእሷ ጋር ተስማሙ።