የተወዳዳሪው ቆዳና የተወዳዳሪው እምነት
ከአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የምንማረው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ምርጫ በተቃረበ ቁጥር በመካከላችን የሚሰማ ወሬ አለ። አንዱ «ሙስሊም መሆኑን እያወቁ ይመርጡታል ብላችሁ ነው?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ዲኑን ባያነሳና ስሙንም ትንሽ ቢያለዝበው ይቀናው ነበር» ሲል ምክር ይለግሳል። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ነገር ግን የመጀመሪያው ተስፋ ያስቆርጣል፣ ሁለተኛው ደግሞ ሰውን ከራሱ ጋር ያጣላል። እኔ እንደሚመስለኝ ከሁለቱም የሚሻል መንገድ አለ። ይህንን ለማሳየት በቁጥርና በአደባባይ የተመዘገበ ምሳሌ ላቅርብ፤ እሱም ወግ አጥባቂ ከሚባሉት የአሜሪካ ግዛቶች የተወሰደ ነው። እዚያ አገር ዜግነት አግኝተው ድምፅ የሚሰጡ ብዙ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ስላሉ፣ ልጆቻቸውም ነገ ተወዳዳሪ ሊሆኑ ስለሚችሉ ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም።

በመጀመሪያ ሕጉን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1787 የተረቀቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 6 ላይ ለማንኛውም የመንግሥት ሹመት የሃይማኖት መስፈርት እንዳይጠየቅ ይከለክላል። ይሁን እንጂ ይህ ሕግ የሚያስረው መንግሥትን ነው። መራጩ በድምፅ መስጫው ክፍል ብቻውን ሲቆም የልቡን ያደርጋል፤ ልቡን የሚመረምር ሕግም የለም። በመሆኑም ሕግ በሩን ቢከፍትም ሰው ላይገባ ይችላል።

ለዚህ የቀደመው ማስረጃ ሙስሊም ሳይሆን ካቶሊክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው አል ስሚዝ ካቶሊክ ነበር። ለፓርቲው ለዴሞክራቶች ለረጅም ዘመን ታማኝ ሆነው የኖሩት ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳ፣ ቨርጂኒያና ሰሜን ካሮላይና በዚያ ዓመት ከድተውት ለተቀናቃኙ ለኸርበርት ሁቨር ድምፃቸውን ሰጡ። የመጠጥ ክልከላ ክርክርና በጊዜው የነበረው የኢኮኖሚ ብልጽግናም ድርሻ ነበራቸው፤ ነገር ግን የሃይማኖቱ ጥላቻ በግልጽ የተሰበከ ነበር። ከ32 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ቀን 1960፣ ሌላው ካቶሊክ ጆን ኬኔዲ በቴክሳስ ሂዩስተን ከተማ በፕሮቴስታንት ቀሳውስት ፊት ቆሞ ስለ እምነቱና ስለ መንግሥት ሥራ መለያየት አስረዳ፤ በዚያው ዓመትም ተመረጠ። ዛሬ በዚያ አገር ካቶሊክነት ለተወዳዳሪ እንቅፋት ነው የሚል ሰው ብዙም አይገኝም። ስለዚህ የመራጭ ጥላቻ እንደ ተራራ ጸንቶ የሚኖር ነገር እንዳልሆነ ልብ እንበል።

ቀጥሎ የቆዳ ቀለምን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2010 በደቡብ ካሮላይና የሪፐብሊካን ፓርቲ ለአሜሪካ ምክር ቤት የሚያቀርበውን እጩ ለመምረጥ ሁለት ሰዎች ለመጨረሻው ዙር ደረሱ። አንዱ ጥቁሩ ቲም ስኮት ነበር። ሌላው እ.ኤ.አ. በ1948 ዘር ይለያይ በሚል ዓላማ ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው የስትሮም ተርመንድ ልጅ ፖል ተርመንድ ነበር። በብዛት ነጭ የሆኑት የፓርቲው መራጮች ጥቁሩን በሰፊ ልዩነት መረጡት። ስኮት እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ በሴናተርነት ተመረጠ። ይህ ማለት ዘረኝነት ጠፋ ማለት አይደለም። ስኮት የሚናገረው የመራጮቹን የፖለቲካ ቋንቋ ነው፤ የሚጸልየውም እንደነሱ ነው። ቀለሙ ቢለይም እምነቱና ፓርቲው ከእነሱ ጋር አንድ ስለሆነ «የእኛ ሰው» ለመባል በቃ።

የሕንድ ዝርያ ያላቸው ሁለት አገረ ገዥዎች ታሪክም ይህንኑ ያጠናክራል። ቦቢ ጂንዳል ከሂንዱ ወላጆች በሉዊዚያና ተወልዶ በወጣትነቱ ካቶሊክ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2003 ለአገረ ገዥነት ተወዳድሮ 52 ለ48 በመቶ ገደማ ተሸነፈ። ወግ አጥባቂ እጩዎች በተለምዶ በሚያሸንፉባቸው የሰሜኑ ገጠሮች ሳይቀር ድምፅ ጎደለው። ከዚያ በኋላ እነዚያን ትንንሽ ከተሞች ደጋግሞ ጎበኘ፣ በአብያተ ክርስቲያናቸውም ስለ እምነቱ ተናገረ። የካትሪና አውሎ ነፋስ ያመጣው ቁጣም ረድቶት እ.ኤ.አ. በ2007 በመጀመሪያው ዙር አሸነፈ። በደቡብ ካሮላይና ደግሞ ከሲክ ወላጆች የተወለደችውና ከጋብቻዋ በኋላ ሜቶዲስት የሆነችው ኒኪ ሄሊ እ.ኤ.አ. በ2010 አገረ ገዥ ሆና ተመረጠች። ክርስቲያን መሆኗ እየታወቀ እንኳ የግዛቱ አንድ ሴናተር የወገኖቿን ጥምጣም መሳለቂያ ባደረገ ቃል ሰድቧታል።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። «ለሥልጣን ሲሉ ሃይማኖታቸውን ሸጡ» ማለት ለእኛ አይገባም፤ ሁለቱም እምነታቸውን የለወጡት ለእነዚህ ሹመቶች ከመወዳደራቸው ዓመታት በፊት ነው፣ የልብን የሚያውቀውም አላህ ብቻ ነው። ጥያቄዬ ስለ እነሱ ሳይሆን ስለ መራጩ ነው። ያው ሰው፣ በያው ችሎታ፣ ሂንዱ ወይም ሲክ እንደሆነ ቢቀርብ ኖሮ ይመረጥ ነበርን?

ለሙስሊሙ ሲሆን ጥያቄው ይከብዳል። ጋሉፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት መመዘኛ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካውያንን ጠይቆ ነበር። ብቃት ያለው እጩ ፓርቲያቸው ቢያቀርብ ጥቁርን እንመርጣለን ያሉት 92 በመቶ፣ ካቶሊክን 93 በመቶ ሲሆኑ ሙስሊምን እንመርጣለን ያሉት 60 በመቶ ብቻ ናቸው። ከሪፐብሊካኖች መካከል ይህ ቁጥር ወደ 45 በመቶ ይወርዳል። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደር የነበረው ጥቁሩ ሐኪም ቤን ካርሰን ሙስሊም አሜሪካን እንዲመራ እንደማይደግፍ በቴሌቪዥን ተናገረ። አያቶቹ በቀለማቸው ምክንያት በር የተዘጋባቸው ሰው፣ በሌላው ላይ በእምነቱ ምክንያት በር ሲዘጋ ማየት ምንኛ ያሳዝናል!

ለመሆኑ ምክንያቱ ምንድን ነው? እኔ ሦስት ነገሮችን አያለሁ። አንደኛ፣ በእነዚህ አካባቢዎች ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቦታ ብቻ ሳትሆን ሰዎች የሚተዋወቁባት፣ የሚረዳዱባት፣ ስለ እጩም የሚመካከሩባት ሸንጎ ናት። ከዚያ ውጭ የሆነ ሰው ሳይጠላም እንግዳ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ብዙው መራጭ ሙስሊም ጎረቤት ስለሌለው እስልምናን የሚያውቀው ከጦርነትና ከፍንዳታ ዜና ነው። ሦስተኛ፣ ፍርሃት ድምፅ እንደሚሰበስብ የሚያውቁ ፖለቲከኞች ሆነ ብለው ያራግቡታል። ክርስቲያኑ ባራክ ኦባማ ሙስሊም ነው የሚለው ወሬ እ.ኤ.አ. በ2010 ፒው በተባለው የጥናት ተቋም ሲጠየቁ 18 በመቶ አሜሪካውያን ያመኑት ነበር። በዚህ ወሬ ላይ ከሁሉ የተሻለ መልስ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2008 ጄኔራል ኮሊን ፓወል ነበር፤ አይደለም፣ ግን ቢሆንስ ምን ነውር አለው ሲል ነበር የጠየቀው።

አሁን ተስፋ ወደሚሰጠው ታሪክ ልምጣ። ሻሂድ ሻፊ በሕንድ ተወልዶ በፓኪስታን ያደገ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ ዜግነት ያገኘ ቀዶ ሐኪም ነው። በቴክሳስ ሳውዝሌክ ለከተማ ምክር ቤት ሊወዳደር ሲነሳ፣ እንዲህ ያለ ስምና እንዲህ ያለ አነጋገር ያለው ሙስሊም በቴክሳስ አይመረጥም ብለው ብዙዎች መከሩት። እ.ኤ.አ. በ2011 ተወዳድሮ አልቀናውም፤ በ2014 ግን ተመረጠ። ቆይቶም በታራንት አውራጃ የሪፐብሊካን ፓርቲ ምክትል ሊቀ መንበር ሆኖ ተሾመ። ከአባላቱ አንዳንዶች ሙስሊም በመሆኑ ብቻ ይነሣልን ብለው ተነሡ። ሻፊ ስሙን አልለወጠም፣ ዲኑንም አልካደም፤ የሕገ መንግሥቱን ቃል ጠቅሶ ሥራውን አስረዳ። እንደ ሴናተር ቴድ ክሩዝ ያሉ የፓርቲው ሰዎችም የሃይማኖት መስፈርቱን ተቃወሙ። እ.ኤ.አ. ጥር 10 ቀን 2019 በተሰጠው ድምፅ 139 ለ49 በሆነ ልዩነት በቦታው ጸና። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ሳልማን ቦጃኒና ሱሌማን ላላኒ በዴሞክራቶች በኩል ተወዳድረው የቴክሳስ ምክር ቤት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊም አባላት ሆነው ተመረጡ።

49 ሰዎች መቃወማቸውን አንርሳ፤ 139 ሰዎች መቆማቸውንም አንርሳ። እነዚያ 139 ሰዎች በአንድ ሌሊት የተገኙ አይደሉም። በከተማው ስብሰባ፣ በሕክምና ክፍሉ፣ በፓርቲው ሥራ ለዓመታት አይተውታል። «ሙስሊም» የሚለው ቃል ሲነሣ በአእምሯቸው የመጣው የቴሌቪዥኑ ፍንዳታ ሳይሆን የሚያውቁት ዶክተር ነበር።

ከዚህ ምን እንማራለን? አገልግሎት ከዘመቻ መቅደም አለበት፤ በሠፈሩ ዕድር፣ በትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ፣ በቀበሌው ጉዳይ ያልታየ ሰው በምርጫ ሰሞን ብቅ ቢል እንግዳ ነው። መብትን ለማስከበር ደግሞ ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። አባቶቻችን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ሳይሆን «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» ነን ብለው ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ አደባባይ የወጡት ለዚህ ነበር። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 38 የመምረጥና የመመረጥ መብት በሃይማኖት፣ በዘር ወይም በቋንቋ ልዩነት እንዳይደረግበት ይደነግጋል። ስንቶቻችን አንብበነዋል?

ከሁሉም በላይ ግን እጃችንን ወደ ራሳችን እንመልስ። ከሌላ ብሔር የመጣውን ብቁ ሙስሊም ትተን የራሳችንን ጎሣ ሰው የምንመርጥ ከሆነ፣ ወይም ታማኝ የሆነውን ክርስቲያን ጎረቤታችንን በእምነቱ ብቻ የምንገፋ ከሆነ፣ በእነዚያ 49 ሰዎች ላይ ምን አፍ አለን? ሐበሻዊው ቢላል (ረ.ዐ.) በካዕባ ላይ ወጥቶ አዛን ሲያደርግ በቆዳው ያጉረመረሙ ነበሩ። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ከዚያ ከፍታ አላወረዱትም። ቁርኣን በሱረቱል ሑጁራት ያስተማረን ሰው በአላህ ዘንድ የሚከበረው በተቅዋው እንጂ በዘሩ እንዳልሆነ ነው። ይህንን ሚዛን ከሌላው ከመጠየቃችን በፊት በእጃችን ይዘን እንገኝ።

አላህ ፍትሕን ከሚወዱና ከሚፈጽሙ ባሮቹ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።