የመኪና ውድድር አፍቃሪ መሆን፦ ከጆሃንስበርግ ስስ አየር የሚገኝ ትምህርት

የመኪና ውድድርን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመለከት ሰው የሚታየው፣ ሃያ ያህል መኪኖች አንዱን መንገድ ደጋግመው ሲዞሩ ነው። ጩኸቱ ለጥቂት ደቂቃዎች ይማርካል፤ ከዚያ በኋላ ይሰለቻል። ከልቡ የሚከታተል አፍቃሪ ግን በዚያው ምስል ውስጥ አየርን፣ ሙቀትንና ጊዜን ያነብባል። ሦስቱም በዓይን አይታዩም፤ አሸናፊውን በመለየት ረገድ ግን ድርሻቸው ታላቅ ነው። ይህን ንባብ ለመጀመር ጆሃንስበርግ የተመቸች ከተማ ናት።

ከዛንድስፕሩት እስከ ኪያላሚ

ዛንድስፕሩት በጆሃንስበርግ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ የሚገኝ፣ የቆርቆሮ ቤቶች ተጠጋግተው የተሠሩበት ሰፈር ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ በቀጥታ መስመር ከ20 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ የኪያላሚ የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ ይገኛል። ስሙ «ቤቴ» የሚል ትርጉም ካለው የዙሉ ሐረግ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የተከፈተው ይህ ሜዳ ከ1967 እስከ 1985፣ ኋላም በ1992 እና በ1993 የፎርሙላ ዋን ውድድሮችን አስተናግዷል። የአገሬው ተወላጅ ጆዲ ሼክተር በ1975 በዚሁ ሜዳ አሸንፏል፤ በ1979 ደግሞ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። በ1985 ሬኖ እና ሊዢየ የተባሉት የፈረንሳይ ቡድኖች አፓርታይድን በመቃወም በውድድሩ ሳይሳተፉ ቀርተዋል።

ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጆሃንስበርግ ለሄዱ ወገኖቻችን ይህ ከፍታ ዝቅታ እንጂ ከፍታ አይደለም። ለውድድር መኪና ግን ትልቅ ፈተና ነው።

ሞተር እንዴት ይተነፍሳል?

ሞተር ነዳጅን የሚያቃጥለው ከአየር በሚያገኘው ኦክስጅን ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየር ይሳሳል። በ1,500 ሜትር ላይ የአየር እፍጋት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በ14 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ ቅናሹ ወደ 20 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ አየርን በራሱ ትንፋሽ ብቻ የሚስብ ሞተር፣ በባሕር ዳርቻ 480 የፈረስ ጉልበት ቢኖረው፣ በኪያላሚ 65 ያህሉን ያጣል ብለን ማስላት እንችላለን።

ሯጮቻችን ይህን ችግር በሰውነታቸው ፈትተውታል። ማሞ ወልዴ በ1968 ከፍታዋ 2,240 ሜትር በሆነችው ሜክሲኮ ሲቲ የማራቶን ወርቅ ሲያጠልቅ፣ ያደገበት ደጋ አየር ስንቅ ሆኖታል። ደጋ ላይ የኖረ ሰው ደሙ ኦክስጅን የሚሸከሙ ቀይ ሕዋሳትን ያበዛል። ሞተር ግን እንዲህ ያለ ደም የለውም፤ ሌላ ብልኃት ያሻዋል።

ያ ብልኃት ቱርቦ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንዲት ተርባይን ያሽከረክራል፤ ተርባይኗ በተመሳሳይ ዘንግ ላይ ያለ መጭመቂያን ታዞራለች፤ መጭመቂያውም አየሩን አፍኖ ወደ ሞተሩ ያስገባል። በመሆኑም የውጭው አየር ቢሳሳም ሞተሩ የሚደርሰው አየር ወፍራም ይሆናል።

የኪያላሚ ታሪክ ይህን ይመሰክራል። በ1979 የሬኖው ዣን-ፒየር ዣቡይ በቱርቦ መኪና የመጀመሪያውን የመነሻ ቦታ ያገኘው እዚህ ነበር፤ ከእርሱ በፊት በቱርቦ ሞተር ይህን ያደረገ አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት የቡድን ጓደኛው ሬኔ አርኑ በዚሁ ሜዳ አሸነፈ። በ1983 ደግሞ ኔልሰን ፒኬ በቱርቦ ሞተር የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን መሆኑን ያረጋገጠው በኪያላሚ ነው።

ክንፍና ፍሬን

ስስ አየር የሚነካው ሞተሩን ብቻ አይደለም። የውድድር መኪና ክንፍ የአውሮፕላን ክንፍ ግልባጭ ነው፤ መኪናውን ወደ መሬት ይጫነዋል። ይህ ኃይል ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ያድጋል፤ አየሩ ሲሳሳ ግን በዚያው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ በከፍታ ቦታ መኪናው በቀጥታ መንገድ ላይ የሚገፋው አየር ስለሚቀልለት ይፈጥናል፤ በኩርባ ላይ ግን ጎማው አስፋልቱን ለመቆንጠጥ ይቸገራል። ፍሬንም የሚቀዘቅዘው በአየር ነውና ቶሎ ይግላል።

ሰባ አምስት ሜትር በአንድ ሰከንድ

የመጨረሻው ትምህርት የሰው ሕይወት ነው። መጋቢት 5 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. በኪያላሚ አንድ መኪና ከመንገዱ ዳር ቆሞ እሳት ያዘው። ፍሬድሪክ ያንሰን ፋን ፉረን የተባለ የ19 ዓመት የሜዳ አስተናጋጅ እሳት ማጥፊያ ይዞ መንገዱን ሲያቋርጥ፣ የቶም ፕራይስ መኪና ገጨው። ሁለቱም ሞቱ። በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በአንድ ሰከንድ 75 ሜትር ይጓዛል። ሰው አይቶ፣ አስቦ ፍሬን እስኪረግጥ የእግር ኳስ ሜዳን አብዛኛውን ክፍል ያህል አልፏል ማለት ነው።

ይህ ስሌት ከትልልቁ ሜዳ ውጭም ይሠራል። ከሶዌቶ የተነሣው «ስፒኒንግ» የተባለ ትርኢት፣ አሽከርካሪው የኋላ ጎማዎችን ሆን ብሎ እያንሸራተተ መኪናውን የሚያሽከረክርበት ነው። ጎማ ያለው የመቆንጠጥ አቅም የተወሰነ ነው፤ ሁሉን ለጉልበት ካዋለው አቅጣጫ ለመያዝ የሚተርፈው የለም። ስለዚህ ትርኢቱ ያለ አጥር በመንገድ ዳር ሲካሄድ፣ ከኩርባው ውጨኛ ጠርዝ የቆመ ተመልካች የመጀመሪያው ተጎጂ ይሆናል። ስፖርቱን የሚወድ ሰው የት መቆም እንደሌለበት አስቀድሞ ያውቃል።

በቀጣዩ ውድድር ምን እንመልከት?

ሦስት ጥያቄዎች ይዛችሁ ተቀመጡ። አንደኛ፣ ሜዳው በምን ያህል ከፍታ ላይ ነው? ሁለተኛ፣ መኪናው ጊዜ የሚያተርፈው በቀጥታ መንገድ ነው ወይስ በኩርባ? ሦስተኛ፣ ቢጫ ባንዲራ ሲውለበለብ ፍጥነቱን በእርግጥ የቀነሰው ማን ነው? ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በሚደረገው ውድድር የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን መፈተን ትችላላችሁ። ሦስተኛውን ግን በየትኛውም ሜዳ ጠይቁት፤ ከባንዲራው በስተጀርባ ሁልጊዜ ሰው ቆሟልና።