ዕጢው አደገ ወይስ አበጠ?

ፌርፋክስ ላይ ቡና እየጠጣን፣ አንዲት የእናቴ ጓደኛ የኤምአርአይ ውጤታቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው «ልጄ፣ ነርስ ልትሆኚ አይደል? እስኪ ምን ይላል?» አሉኝ። ጉበታቸው ድረስ ለተዛመተ ሜላኖማ ኢሚዩኖቴራፒ ከጀመሩ ሦስት ወራቸው ነበር። ወረቀቱ «ፕሮግረሽን ሊሆን ይችላል» ይላል። «መሻሻል» ብዬ ልተረጉመው ምንም አልቀረኝም፤ በሕክምና ግን በሽታው ገፋ ማለት ነው። ስነግራቸው «እንግዲያው መድኃኒቱን ልተወዋ» አሉ። ሐኪሙን ሳያማክሩ እንዳያቆሙ ለምኛቸው፣ ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ።

የካንሰር ሕዋሳት የቲ ሴሎቻችንን ፍሬን ይዘው ያስቆሟቸዋል። እንደ ፔምብሮሊዙማብ ያሉ መድኃኒቶች ፍሬኑን ያስለቅቃሉ፤ ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ እ.ኤ.አ. በ2018 ኖቤል የተሸለሙት ለዚህ መሠረት በሆነው ግኝታቸው ነው። ቲ ሴሎቹ ወደ ዕጢው ሲጎርፉ፣ ዕጢው ከመክሰሙ በፊት ሊያብጥ ይችላል። ይህ ሐሰተኛ እድገት ብዙ ሰው ላይ አይታይም፤ አደገ የተባለው ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ የእውነት አድጓል። ቢሆንም በ2017 ለክሊኒካዊ ጥናቶች የወጣው አይሬሲስት የተባለው መመሪያ፣ እድገቱ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ በድጋሚ ምርመራ ይረጋገጥ ይላል።

ዲፊውዥን ኤምአርአይ የሚለካው የዕጢውን መጠን ሳይሆን የውሃ ሞለኪውሎችን እንቅስቃሴ ነው። በእንቁጣጣሽ ሰሞን ፌርፋክስ ሲሞላ ሦስት እርምጃ መሄድ ያቅታል፤ ማክሰኞ ጠዋት ግን እንደልብ ነው። ሕዋሳት በተጠቀጠቁበት ዕጢ ውስጥ ውሃም እንዲሁ መሄጃ ያጣል። መለኪያው ኤዲሲ ይባላል፦ ነጻ ውሃ በሰውነት ሙቀት በሰከንድ ወደ 0.003 ስኩዌር ሚሊሜትር ሲሆን፣ ጥቅጥቅ ባለ ዕጢ ብዙ ጊዜ ወደ 0.001 ይወርዳል። ሕዋሳቱ ሲሞቱ ውሃው መንገድ ያገኛል፣ ኤዲሲም ይጨምራል፤ አንዳንዴ ዕጢው ገና ሳያንስ። ያለ ጨረር፣ ያለ መርፌ፣ በጥቂት ደቂቃ።

ችግሩ፣ ቲ ሴሎችም ሕዋሳት ናቸው። በብዛት ሲገቡ እነሱም መንገዱን ይዘጋሉ፤ ኤዲሲ ዝቅ ሲል ካንሰሩ ይሁን የእኛው ወታደሮች ቁጥሩ ብቻውን አይለይም። (እብጠት ደግሞ በተቃራኒው ከፍ ያደርገዋል!) ከፌርፋክስ ብዙ በማይርቀው ዩሲኤልኤ፣ የቤንጃሚን ኤሊንግሰን ቡድን በአንጎል ዕጢ ላይ ከሕክምና በፊት የተለካ ኤዲሲ፣ በቤቫሲዙማብ ማን እንደሚጠቀም ሊጠቁም እንደሚችል አሳይቷል። ቤቫሲዙማብ ግን ዕጢው አዲስ የደም ሥር እንዳያበቅል የሚያግድ እንጂ ኢሚዩኖቴራፒ አይደለም። ለኢሚዩኖቴራፒ ትንበያው ገና በጥናት ላይ ነው፤ ናሙና መውሰድና ደጋግሞ ማየት አልቀረም።

ለእትዬ ሁለት ጥያቄ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጽፌ ሰጠኋቸው፦ «እድገቱ በድጋሚ የሚረጋገጠው መቼ ነው? ዲፊውዥኑስ ከባለፈው ሲነጻጸር ምን ያሳያል?» ቀጠሯቸው የፊታችን ሐሙስ ነው፤ አብሬያቸው እሄዳለሁ።